የወለጋ ሰማይና የግጭት ማስጠንቀቂያው ድምፅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ወይም ወደ አሶሳ የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳይጋጭ ሦስት ጠባቂዎች አሉት፤ እነርሱም የአብራሪው ዓይን፣ በሬዲዮ የሚሰማው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ድምፅ፣ እንዲሁም በአውሮፕላኑ ውስጥ የተገጠመውና አብራሪዎች «ቲካስ» የሚሉት የግጭት ማስወገጃ መሣሪያ ናቸው። ሦስቱ በአንድ ዘመን የመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የተጨመረው ከእርሱ በፊት የነበረው ብቻውን እንደማይበቃ በሰው ሕይወት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሦስተኛው ጠባቂ ሲጨመር ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ጥያቄ ተነሣ፤ ተቆጣጣሪው «ውረድ»፣ መሣሪያው «ውጣ» ቢሉ አብራሪው የማንን ይስማ? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ዛሬ በማንኛውም አየር መንገድ እንደ ሕግ ይሠራበታል፤ ነገር ግን መልሱ እስኪገኝ የተሄደውን መንገድ አብዛኛው ተሳፋሪ የሚያውቀው በቁርጥራጭ ብቻ ነው። በዚህ ትረካ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1928 እስከ 1948 ዓ.ም.፦ ዓይንና ሬዲዮ

አውሮፕላን በወለጋ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የገባው በጠላትነት ነው። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ የሚመራ የጣሊያን አየር ኃይል ቡድን ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፈ፤ በዚያው ሌሊትም ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡትን ወጣቶች ያሰለፈው የጥቁር አንበሳ ጦር ከበባቸውና ጄኔራሉን ጨምሮ አብዛኞቹን ገድሎ አውሮፕላኖቹን አቃጠለ። በዚያን ጊዜ በምዕራብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ከአውሮፕላን ይጋጫል ብሎ የሚሰጋ አልነበረም፤ የአንዲቱ ድምፅ ከተሰማም አገር በሙሉ ቀና ብሎ የሚያይበት ዘመን ነበር።

የሰላማዊው በረራ ታሪክ የሚጀምረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ካደረገ በኋላ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው ከአሜሪካው ትራንስ ዎርልድ ኤርላይንስ፣ በምኅጻር ቲደብሊውኤ፣ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችና ሥራ አስኪያጆችም ከዚያው የመጡ ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አበበ የካፒቴንነት ማዕረግ ያገኙት በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። መኪና በክረምት ጭቃ ተይዞ ቀናት በሚያጠፋበት አገር ሁለት ሞተር ያለው ዲሲ-3 አውሮፕላን ነቀምቴን፣ ደምቢ ዶሎን፣ መንዲን፣ ቤጊንና አሶሳን ከዋና ከተማዋ ጋር አገናኘ። ማረፊያዎቹ የሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ አብራሪው ከማረፉ በፊት ሜዳው ከከብት የጸዳ መሆኑን ራሱ ዞሮ ማየት ነበረበት።

ሌላ አውሮፕላን እንዳይመጣበት የሚጠብቀውም በዚሁ ዓይን ነበር፤ በእንግሊዝኛው የአቪዬሽን አነጋገር «እይና ራቅ» የሚባለው መርህ ይህ ነው። በዓይን ላይ የተጨመረው ሬዲዮ ሲሆን፣ አብራሪው የት እንዳለ፣ በምን ከፍታ እንደሚበርና ወደሚቀጥለው ቦታ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም በራዳር ሳያየው፣ በወረቀት ላይ በሰፈረው ሰዓትና ከፍታ ብቻ አንዱን ከሌላው ያራርቃል። ይህ አሠራር የሥነ ሥርዓት ቁጥጥር ይባላል፤ ከዋና ዋና ከተሞች በራቀው የአፍሪካ ሰማይም እጅግ ረጅም ጊዜ ያገለገለው እርሱ ነው። ከእርሱ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ቀላል ደንብ አለ፦ ወደ ምሥራቅ የሚበር በጎደሎ ቁጥር፣ ወደ ምዕራብ የሚበር በሙሉ ቁጥር ሺህ ጫማ ይበራል። በዚህ መሠረት ከአዲስ አበባ ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ አውሮፕላን 18,000 ጫማ ላይ ቢሆን፣ ከዚያ የሚመለሰው 19,000 ጫማ ላይ ይሆናል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲመጡም አንድ ሺህ ጫማ፣ ማለትም ሦስት መቶ ሜትር ያህል፣ ይለያያቸዋል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ሁሉም በተሰጠው ከፍታ ላይ ከተገኘ ብቻ ነው።

ከ1948 እስከ 1978 ዓ.ም.፦ ዓይን የከሸፈባቸው ዓመታት

የዓይን ጥበቃ እንደማይበቃ ዓለም የተረዳው ሰኔ 23 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት የቲደብሊውኤና የዩናይትድ ኤርላይንስ አውሮፕላኖች በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ገደል በላይ ተጋጭተው 128 ሰዎች አለቁ፤ ሁለቱም ከተቆጣጣሪዎች የቅርብ ክትትል ውጭ በሆነ ሰማይ ላይ ነበሩ፣ ዋናው ጥበቃቸውም ዓይን ነበር። ዛሬ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚባለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ የተቋቋመው በዚህ አደጋ ግፊት ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ተኩስ በምትናጥበት ሳምንት፣ የእነዚያው ሁለት ኩባንያዎች አውሮፕላኖች በኒው ዮርክ ሰማይ ላይ ዳግም ተጋጭተው 134 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም አደጋዎች ስሙ የተነሣው ቲደብሊውኤ በዚያው ጊዜ የኢትዮጵያን አየር መንገድ ሥራ የሚመራው ድርጅት ነበርና፣ በወለጋ ሜዳዎች የሚያርፉት አብራሪዎች የሠለጠኑበት ልማድ እዚያ ከከሸፈው ልማድ የተለየ እንዳልነበረ መገንዘብ ይገባል፤ ልዩነቱ የወለጋ ሰማይ ባዶ መሆኑ ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ዓመታት የተረፈው ትልቁ ትሩፋት አንድ ሐሳብ ነው። ቤንዲክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዶክተር ጆን ሞሬል አደጋን በርቀት መለካት ስሕተት መሆኑን አሳየ፤ መለካት ያለበት ለግጭት የቀረው ጊዜ ነው። ሁለት ጄት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በ480 ኖት ፍጥነት እየበረሩ ፊት ለፊት ቢመጡ በመካከላቸው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኖርም የቀራቸው 40 ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ሌላውን በጥቂት የፍጥነት ብልጫ ቢከተለው ግን በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት እንኳ ብዙ ደቂቃ አላቸው። ስለዚህ በመካከል ያለውን ርቀት ለመቀራረቢያው ፍጥነት ማካፈል ይበቃል፤ ውጤቱ በሰከንድ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የተሠራው ማንኛውም የግጭት ማስጠንቀቂያ የቆመው በዚህች ማካፈል ላይ ነው።

ሐሳቡ በመሣሪያ ለመገለጽ ሠላሳ ዓመት ፈጀበት፤ በመካከሉም ሬዲዮም ራዳርም ያላዳኗቸው ብዙዎች ሞቱ። ጳጉሜን 5 ቀን 1968 ዓ.ም. በዩጎዝላቪያ ዛግሬብ በላይ 176 ሰዎች፣ መስከረም 15 ቀን 1971 ዓ.ም. በሳንዲያጎ 144 ሰዎች ሞቱ። በሳንዲያጎ የቦይንግ 727 አብራሪዎች በፊታቸው ትንሽ አውሮፕላን እንዳለ በሬዲዮ ተነግሯቸው ነበር፤ አይተዋትም ነበር፤ አልፈናታል ብለው ባሰቡበት ቅጽበት ግን ከሥራቸው ነበረች። ነሐሴ 25 ቀን 1978 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አጠገብ ሴሪቶስ በተባለች ከተማ ላይ የሜክሲኮ ጄት ከግል አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ መሬት ላይ የነበሩትን ጨምሮ 82 ሰዎች ሲሞቱ የአሜሪካ ምክር ቤት ትዕግሥቱ አለቀ፤ በ1980 ዓ.ም. በወጣው ሕግም ትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ሁሉ የግጭት ማስወገጃ መሣሪያ እንዲገጥሙ ግዴታ ሆነ።

ከ1979 እስከ 1992 ዓ.ም.፦ መሣሪያው መናገር ሲጀምር

መሣሪያው የሚሠራው ትራንስፖንደር በተባለው አስተጋቢ ሬዲዮ ነው። ትራንስፖንደር በአውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ጥያቄ ሲደርሰው ማንነቱንና ከፍታውን የሚመልስ መሣሪያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራው ለመሬት ራዳር መልስ እንዲሰጥ ነበር። ቲካስ ይህንኑ ጥያቄ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው በቀጥታ ያቀርባል፤ መልሱ ከመጣበት ጊዜ ርቀቱን፣ ከመልሱ ይዘት ከፍታውን ያውቃል፤ ከዚያም የሞሬልን ማካፈል በየሰከንዱ ይሠራል። መሬት ላይ ራዳር መኖር አለመኖሩ አያሳስበውም፤ ራዳር በማይደርስበት የአፍሪካ ሰማይ ላይ ዋጋው ከሁሉ ይበልጥ የከበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ18,000 ጫማ ላይ የሚሆነውን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ሌላው አውሮፕላን በሩቅ ሳለ በመሣሪያው ገጽ ላይ ትንሽ ባዶ አልማዝ መሰል ምልክት ሆኖ ይታያል። ለግጭት 45 ሰከንድ ያህል ሲቀር ምልክቱ ቢጫ ክብ ይሆንና «ትራፊክ፣ ትራፊክ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ማሳሰቢያ ብቻ ነው፤ አብራሪው በዓይኑ ይፈልጋል፣ እጁን ወደ መሪው ያስጠጋል፣ አቅጣጫውን ግን አይለውጥም። 30 ሰከንድ ያህል ሲቀር ክቡ ቀይ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ «ክላይም፣ ክላይም» ወይም «ዲሴንድ፣ ዲሴንድ»፣ ማለትም ውጣ ወይም ውረድ፣ የሚል ትእዛዝ ይሰማል፤ የመውጫና የመውረጃ ፍጥነት በሚያሳየው ሰዓት ላይም ቀይና አረንጓዴ ቅስት ይበራል። አብራሪው በአምስት ሰከንድ ውስጥ መርፌውን ከቀዩ አውጥቶ ወደ አረንጓዴው ማስገባት አለበት። ሁለቱም አውሮፕላኖች መሣሪያው ካላቸው አስቀድመው በሬዲዮ ይስማማሉ፤ አንዱ «ውጣ» ከተባለ ሌላው «ውረድ» ይባላል። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ታጠፍ የሚል ትእዛዝ ግን የለም፤ መሣሪያው ሌላው በየትኛው ጎን እንዳለ የሚያውቀው በግምት ስለሆነ የሚያምነው ከፍታን ብቻ ነው።

አፍሪካና እስያ መሣሪያውን የተቀበሉት ዘግይተው ነው። ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም. በህንድ ቻርኪ ዳድሪ በላይ የሳዑዲ ቦይንግ 747ና የካዛኪስታን አውሮፕላን ተጋጭተው 349 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ የከፋ የአየር ላይ ግጭት እስካሁን አልደረሰም። መስከረም 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ደግሞ ከናሚቢያ ጠረፍ ማዶ የጀርመንና የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 33 ሰዎች አለቁ። በአራቱም አውሮፕላኖች ላይ መሣሪያው አልነበረም። አህጉሪቱን የሚያቋርጡ አብራሪዎች በዚያ ዘመን የተቆጣጣሪ ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ሁሉ በ126.9 ሜጋኸርዝ ሞገድ ቦታቸውንና ከፍታቸውን እርስ በርስ ያስታውቁ ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም።

ከ1993 እስከ 1996 ዓ.ም.፦ ሁለት ድምፅ፣ አንድ እጅ

የታሪኩ ዋና መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው በዓለም ተሠራጭቶ ሳለ፣ ከተቆጣጣሪው ጋር ቢቃረን ምን ይደረግ የሚለውን ዓለም አቀፉ ደንብ በማያሻማ ቃል አላሰፈረውም ነበር። አንዳንዱ የበረራ መመሪያ መሣሪያውን ያስቀድማል፤ አንዳንዱ መሣሪያው ለተቆጣጣሪው ረዳት ነው ይላል። አምስት ሰከንድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ መመሪያ አይተረጉምም።

የመጀመሪያው ምልክት ከጃፓን መጣ። ጥር 23 ቀን 1993 ዓ.ም. በልምምድ ላይ የነበረ ተቆጣጣሪ የሁለት በረራዎችን ቁጥር አሳስቶ፣ መውረድ የሌለበትን ቦይንግ 747 «ውረድ» አለው። የ747ቱ መሣሪያ «ውጣ»፣ የሌላው ዲሲ-10 መሣሪያ «ውረድ» አሉ። ዲሲ-10ሩ ታዘዘ፤ የ747ቱ ካፒቴን ግን የተቆጣጣሪውን ቃል ይዞ መውረዱን ቀጠለ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ወረዱ ማለት ነው። በመጨረሻዋ ቅጽበት በዓይን ተያይተው ተላለፉ፤ በውስጣቸው 677 ሰዎች ነበሩ፤ አንድም ሰው አልሞተም፣ መቶ ያህል ግን ተጎዱ። ጃፓን ደንቡ እንዲጠራ ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ለኢካኦ፣ ጥያቄ አቀረበች፤ ምላሹ ግን ዘገየ።

ከአሥራ ሰባት ወር በኋላ፣ ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌሊት፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ድንበር ኡበርሊንገን በተባለች ከተማ በላይ ያው ነገር ተደገመ። ከሩሲያ ወደ ባርሴሎና የሚሄደው ቱፖሌቭ 154 በአብዛኛው ሕፃናት ተሳፍረውበት ነበር፤ ሌላው ሁለት አብራሪዎች ብቻ የያዘ የዲኤችኤል ዕቃ ጫኝ ቦይንግ 757 ነው። ሁለቱ በ36,000 ጫማ ላይ ወደ አንድ ነጥብ ያመሩ ነበር። በዙሪክ ያለው ተቆጣጣሪ በዚያ ሰዓት ብቻውን ነበር፤ የራዳሩ ረዳት ሥርዓት ለጥገና ተዘግቷል፣ ዋናው ስልክም አይሠራም። አደጋውን ዘግይቶ ሲያይ ቱፖሌቩን «ውረድ» አለው። ከሰከንዶች በኋላ የቱፖሌቩ መሣሪያ «ውጣ»፣ የቦይንጉ «ውረድ» አሉ። ቦይንጉ ታዘዘ። ቱፖሌቩ ውስጥ መሣሪያው ተቃራኒውን እንዳለ የተናገረ ቢኖርም ተቆጣጣሪው ትእዛዙን ደገመውና አብራሪዎቹ መውረዳቸውን ቀጠሉ። 71 ሰዎች ሞቱ።

በዚህ አደጋ ላይ ሲፈረድ ወደ አንዱ ሰው ጣትን መቀሰር ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አብራሪዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የተማሩት ተቆጣጣሪን መታዘዝ ነው፤ ተቆጣጣሪውም መሣሪያው ምን እንዳለ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ጉድለቱ የደንቡ ነበር፤ ደንቡ ባለመኖሩም ሁለቱ መሣሪያዎች የተስማሙበትን መዳኛ አንዱ ወገን ሲጠብቅ ሌላው አፈረሰው። መሣሪያው የሚያድነው ሁለቱም ሲታዘዙት፣ ወይም አንዱ ታዝዞ ሌላው ቢያንስ ተቃራኒውን ሳያደርግ ሲቀር ነው፤ ከተቃራኒው መንገድ ይልቅ ዝም ብሎ መቆየት እንኳ ይሻላል።

ኢካኦ በ1996 ዓ.ም. ደንቡን አጠራ፦ ተቆጣጣሪው የተናገረው ምንም ይሁን ምን አብራሪው የመሣሪያውን ትእዛዝ ይከተላል፤ ከትእዛዙ ተቃራኒ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ ለተቆጣጣሪው «ቲካስ አርኤ»፣ ማለትም የመሣሪያው ትእዛዝ ደርሶኛል፣ ብሎ ያስታውቃል፤ ተቆጣጣሪውም ይህን ከሰማ በኋላ አብራሪው «ክሊር ኦፍ ኮንፍሊክት»፣ ማለትም ከግጭት ወጥተናል፣ እስኪል ድረስ የዚያን አውሮፕላን አካሄድ ለመለወጥ አይሞክርም። በዚህ ዘመን ማንኛውም ካፒቴን ከሰው ቃል ይልቅ የመሣሪያን ቃል እንዲያስቀድም በግልጽ የታዘዘበት ሌላ ተመሳሳይ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከ1995 እስከ 2010 ዓ.ም.፦ ደንቡ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲደርስ

ከዚሁ ጎን ለጎን ኢካኦ መሣሪያውን በደረጃ ግዴታ አደረገ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ15,000 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ወይም ከ30 በላይ መንገደኛ የሚይዝ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከ5,700 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ወይም ከ19 በላይ መንገደኛ የሚይዝ አውሮፕላን ሁሉ እንዲገጥመው ተደነገገ። በጠጠርና በሣር ሜዳ ማረፍ የሚችለው ትዊን ኦተር የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ 5,670 ኪሎ ግራም ነው፤ ስለዚህ ለትንንሽ ማረፊያዎች ከሁሉ የሚስማማው አውሮፕላን በሠላሳ ኪሎ ግራም ልዩነት ከክብደቱ ግዴታ በታች ቀረ። በ2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው ኪው-400 ግን ሰባ ያህል መንገደኛ የሚይዝና ከ29,000 ኪሎ ግራም የሚበልጥ በመሆኑ፣ ግዴታው ሙሉ በሙሉ ይመለከተዋል። በነቀምቴና በደምቢ ዶሎ በአስፋልት የተነጠፉ አዳዲስ መንደርደሪያዎች መሠራታቸው ለምቾት ብቻ የሚታይ ለውጥ አይደለም፤ መሣሪያውን የተሸከመው ትልቁ አውሮፕላን እንዲያርፍ ያስቻለ ነው።

ከበላይ ያለው ሰማይም ተለወጠ። መስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. በአፍሪካ ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ከፍታ በአውሮፕላኖች መካከል የሚጠበቀው የቁም ርቀት ከ2,000 ወደ 1,000 ጫማ ዝቅ አለ። ከቦሌ ተነሥተው ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚያመሩ ጄቶች ወለጋን በላይዋ ያቋርጣሉ፤ ስለዚህ የነቀምቴ ሰማይ እንደ ሕንፃ ፎቅ በፎቅ ሆነ፤ በፎቆቹ መካከል ያለው ግድግዳም በግማሽ ሳሳ።

መሣሪያው ዕውር የሚሆንበት ቦታም እንዳለ በዚሁ ዘመን ታየ። በመስከረም 1999 ዓ.ም. በብራዚል አማዞን በላይ የአንደኛው አውሮፕላን ትራንስፖንደር ሥራ አቁሞ ስለነበር ግጭቱ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ደርሶ 154 ሰዎች ሞቱ። ነሐሴ 30 ቀን 2007 ዓ.ም. በሴኔጋል በላይ በተሳሳተ ከፍታ ይበር የነበረ የሕሙማን ማመላለሻ ጄት ከመንገደኞች ቦይንግ 737 ጋር ተጋጭቶ በትንሹ ጄት የነበሩት ሰባት ሰዎች አለቁ፤ ከፍታው በስሕተት የሚነገረው መሣሪያ በስሕተት ያሰላል። ወፍንም አያይም፤ በ1981 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በባሕር ዳር ርግቦች የጣሉትን የኢትዮጵያ ቦይንግ 737 ይህ መሣሪያ ባዳነው አልነበረም።

ሁለተኛው ጠባቂ ሲደክም ሦስተኛው ሸክሙን ሁሉ መሸከም እንደሌለበት ያሳሰበው ደግሞ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው፤ በአዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቁመው ሳለ የኬንያ ባልደረቦቻቸው ማኅበር የሰማዩ ደኅንነት እንደሚያሰጋው ገለጸ፣ የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት ግን አስተባበሉ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፦ መሣሪያን ማመን

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ተነሥቶ በወደቀና 157 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ መሣሪያን የማመን ጥያቄ ሐዘን የተቀላቀለበት ሆነ። አብራሪ ለአንዱ መሣሪያ ያለ ጥያቄ እንዲታዘዝ እየተማረ፣ ሌላው መሣሪያ አፍንጫውን ወደ መሬት ሲገፋበት እንዴት ይለይ? ልዩነቱ ግልጽ መሆን አለበት። በ737 ማክስ ላይ የነበረው ሥርዓት ከአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳይናገር፣ ራሱ የጅራቱን ክንፍ ያንቀሳቅስ ነበር። ቲካስ ግን ይናገራል፣ ያሳያል፣ እጁን ግን አይዘረጋም፤ መሪው የአብራሪው ነው። በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኤርባስ ኤ350 የግጭት ትእዛዝን በራስ አብራሪ ሥርዓቱ መፈጸም ይችላል፤ ኪው-400 ላይ ግን ካፒቴኑ ራስ አብራሪውን አጥፍቶ በእጁ ይሠራዋል። ስለዚህ በቦሌ ማሠልጠኛ ምስለ በረራ ውስጥ የሚደጋገመው ልምምድ ዋናው ግብ የእጅን ፍጥነት መለማመድ ብቻ አይደለም፤ በጆሮ ተቃራኒ ቃል እየተሰማ አረንጓዴውን ቅስት አለመልቀቅ ጭምር ነው።

ልምምዱ ከንቱ እንዳልሆነ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ተነገረ። የሶማሌላንድ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናት እንዳስታወቁት፣ ከሞቃዲሾ በተሰጠ የተሳሳተ የከፍታ ትእዛዝ የኳታር አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያው አውሮፕላን ተጠግቶ ነበር፤ ያዳናቸውም የግጭት ማስወገጃው ማስጠንቀቂያ ነው። በሞቃዲሾና በሐርጌሳ መካከል ሰማዩን ማን ይቆጣጠር የሚለው ክርክር በጦፈበት ወቅት፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ለመስማማት የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም።

በዛሬው የወለጋ በረራ ከሁሉ ይልቅ ሊያጋጥም የሚችለው ግን ከዚህ የቀለለ ነው። ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ 19,000 ጫማ የሚወጣ ኪው-400 በፍጥነት ሲቀርብ፣ ከላዩ በ20,000 ጫማ ወደ ምዕራብ የሚያልፍ ሌላ አውሮፕላን ካለ፣ መሣሪያው አብራሪው 19,000 ላይ ሊቆም መሆኑን ስለማያውቅ አደጋ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ2009 ዓ.ም. በሁሉም ላይ ግዴታ የሆነው የመሣሪያው ስሪት ቀድሞ ብዙዎችን ያሳስት የነበረውን ረጅም ትእዛዝ «ሌቭል ኦፍ፣ ሌቭል ኦፍ»፣ ማለትም በያዝከው ከፍታ ቀጥ በል፣ በሚል ተክቶታል። ኢካኦ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ጨርሶ እንዳይነሣ፣ አብራሪዎች ወደ ተፈቀደላቸው ከፍታ የመጨረሻዎቹን አንድ ሺህ ጫማ በደቂቃ ከ1,500 ጫማ በማይበልጥ ፍጥነት እንዲወጡ ወይም እንዲወርዱ ይመክራል።